የእናቴ ሰንፔር ተለውጧል ብዬ

እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ የተዝካሩ እንግዶች ተሸኝተው ወንዶቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ፣ ታላቅ እህቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። በሩን ገርበብ አደረገችና ከመቀነቷ ውስጥ የተቋጠረ ነጭ መሐረብ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ያንቺ ነው» አለችኝ። «እማ ‹ለታናሽሽ ስጫት› ብላኛለች።»

ቋጠሮውን ፈታሁት። የእናቴ ቀለበት ነበር። ወርቁ ያው ነው፤ በመዳፍ በኩል ያለው ከብዙ ዓመት ሥራ ሳስቶ ክር አክሏል። ድንጋዩ ግን ሌላ ሆነብኝ። እኔ የማውቀው የእናቴ ድንጋይ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ የዘንገናን ሐይቅ መሃሉን ከላይ ሆነው ሲያዩት እንደሚጠቁረው ያለ ሰማያዊ ነበር። እጄ ላይ ያለው ብሩህ ነው። ከጓዳዋ ትንሽ መስኮት በገባው ብርሃን እንኳ ያበራል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» ብዬ ሳምኳት። በሆዴ ግን «ይሄ አይደለም» አልኩ።

የተዝካር ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ቀለበቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው፤ ብሩህ።

ዳንግላ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ በግማሹ መሸጥ ቢሆንም በግማሹ መጠራጠር ነው። የመጣ መድኃኒት ሁሉ ካርቶኑ ይገላበጣል፣ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑ ይታያል፣ ማኅተሙ ይነካካል። ስንት ጊዜ ኖራ ብቻ የሆነ ክኒን በሚያምር ካርቶን ተጠቅልሎ መጥቶብኛል! ሐሰተኛ ነገር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ እንደሚያምር ከዚያ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ቀለበቱ ማማሩ ራሱ አስጠረጠረኝ።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ተምሬ ስወጣ እሷ እንጅባራ ቀረች፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር የሚሉት የከተማው አሮጌ ሰፈር ውስጥ፣ የእናታችን ቤት። ባሏ አስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ እየሠራ ይሸጣል። እናታችን አልጋ ላይ በቆየችባቸው ሦስት ዓመታት ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት እሷ ናት። እኔ በወር አንድ ጊዜ መድኃኒትና ብርቱካን ይዤ እሄድ ነበር። አንዳንዴ በሁለት ወር። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ በስልክ ብቻ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም የለም። የቀለበቱ ሐሳብ በመጣብኝ ጊዜ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት እጇ አጠገብ የነበረው ማነው?

ቀለበቱ ለእናቴ እንዲሁ ጌጥ አልነበረም። አባቴ የዘንገና አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ረዳት ሆኖ ወጣ፣ ኋላ ሾፌር ሆነ፣ አስመራ ድረስ ይመላለስ ነበር። እናቴን ሲያጭ ቀለበቱን አስመራ ካለ ወርቅ ሠሪ ቤት ገዛው። ወርቅ ሠሪው «ሰንፔር ይባላል፣ የነገሥታት ድንጋይ ነው» አለው። አባቴ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። አገሩ ሲመለስ የደብሩን ቄስ ጠየቀ። ቄሱ ቀለበቱን ለመንካት እንኳ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «ይህማ በመጽሐፍ ያለ ነው፤ ከአምላክ እግር በታች ያለው ወለል በዚህ ነው የተመሰለው» አሉት። ይህን እናቴ ስንት ጊዜ ነገረችን! ከጎረቤት ጋር በአገውኛ ስታወራ ሁሉ እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «ሰንፔር» ትላለች።

ከጣቷ አውልቃው አታውቅም። ሊጥ ስታቦካ፣ ቅቤ ስታነጥር፣ ድንች ስትለቅም ጣቷ ላይ ነው። ዓይኑን የታመመ ጎረቤት ሲመጣ ቀለበቱ ያለበትን ጣቷን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክራ በውሃው ዓይኑን ታብስለታለች። እኔ መድኃኒት ቤት ከገባሁ በኋላ ይህ ያሳፍረኝ ነበር። «እማ፣ ቅባት ይሻላል፣ እኔ አመጣለሁ» እላታለሁ። «ሁለቱንም ያድርጉ» ትለኛለች፤ ክርክር አትወድም።

ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩ ውሸት ያውቃል ብላ ታምን ነበር። በሐሰተኛ ሰው እጅ ይጠቁራል ትላለች። ልጆች ሆነን ስኳር የጎደለ ቀን ሁለታችንንም ፊቷ አቁማ ጣታችንን ድንጋዩ ላይ እንድናደርግ አዘዘችን። የበላሁት እኔ ነበርኩ። እህቴ ጣቷን አድርጋ «አልበላሁም» አለች። እኔም ጣቴን አድርጌ «አልበላሁም» አልኩ። እናቴ ድንጋዩን አየችው፣ እኛን አየችን፣ «ነግሮኛል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማንንም አልመታችም። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ምን እንደነገራት እያሰብኩ ስፈራ ከረምኩ።

እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው በሌላ ተለውጧል ብዬ የጠረጠርኩት። ጥርጣሬ ሲጀምር ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ከትዝታዬ ውስጥ ነገር መለቃቀም ጀመርኩ። እናቴ ከመሞቷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ እህቴ በስልክ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። መኪና ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች በሰፈሩ እየዞሩ የድሮ ጌጥ፣ ጨሌና ድንጋይ ያለው ቀለበት ሲጠይቁ ዋሉ። ወደ ሰሜን በኩል ሰንፔር ከመሬት መውጣቱ ከተወራ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሰዎች በየገጠሩ ይታያሉ። «የኛንስ ቤት ጠየቁ?» ብያት ነበር። «ጠየቁ፤ የለንም አልኳቸው» አለችኝ። ያኔ አልፌው ሄድኩ። አሁን «የለንም» ያለችው ለእነሱ ነው ወይስ ለእኔ ብዬ ማሰብ ያዝኩ።

ከዚያ ደግሞ ባጃጁ አለ። በአርባው ቀን ግቢው በር ላይ አዲስ ሰማያዊ ባጃጅ ቆሞ ነበር። የእንግዳ መስሎኝ ነበር፤ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላም ግን እዚያው ቆሟል።

አንድ የድሮ ፎቶ አለኝ፤ እናቴ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ የተነሳችው። ሥራ በሌለኝ ሰዓት የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ፎቶውንና ቀለበቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ። በፎቶው ላይ ድንጋዩ ጥቁር ነጥብ ነው። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

በመጨረሻ ዳንግላ ወዳለ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። ጠባብ ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የጆሮ ጌጥ ይበይዳል።

«አባቴ፣ ይሄን ይዩልኝ» አልኩት።

ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አየው። ወደ አፉ አስጠግቶ ተነፈሰበት፣ ደግሞ አየው።

«ጥርት ያለ ነው» አለ።

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ከመሬት የወጣ ድንጋይ እንዲህ አይጠራም፣ ልጄ። ስንጥቅም ነጠብጣብም አንድ ነገር አያጣም። ይሄ መስታወት ነው የሚመስለኝ።»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጣቷ ላይ የነበረ ነው እኮ።»

«ቀለበቱ ይሆናል። ድንጋዩን ማን ያውቃል? የያዙት የወርቅ ጥርሶች ይከፈታሉ፣ ድንጋዩ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ለሚያውቅበት የቡና መጠጫ ጊዜ አይፈጅም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው ሲያስታምማት የነበረው?»

ጥያቄው የእኔው ጥያቄ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እውነት መሰለ።

«ከፈለግሽ ወርቁን እኔ እወስድልሻለሁ፤ ድንጋዩ እንደሆነ አይረባም» አለኝ ቀለበቱን ሳይመልስልኝ። እጄን ዘርግቼ እስኪሰጠኝ ጠበቅሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ እንጅባራ ሄድኩ። ልጠይቃችሁ መጣሁ ብዬ ነው፤ ምን እንደምፈልግ ግን አውቀው ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ እህቴ ድንች ልትሸጥ ወጣች። «ራሴን አሞኛል፣ እዚህ ልረፍ» አልኳት። ብርድ ልብስ አልብሳኝ ሄደች። ጉሙ እስከ ግቢው አጥር ወርዶ ነበር። ባሏ ከደጅ ጣሪያው ጥግ ሥር ቀርከሃ ይሰነጥቃል፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቼ ወደ እሱ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ባጃጁ የእናንተ ነው እንዴ?»

ቀና ሳይል፣ «ያው የእኛ ነው ይባላል» አለ።

«እንዴት አገኛችሁት?»

«እግዜር ነው የሚሰጥ።» ቢላዋውን ቀርከሃው ላይ አሳርፎ መታው፤ ለሁለት ሰነጠቀው።

ሰው የሠራው ነገር ከሌለ ለምን እንዲህ ይመልሳል? ይህን እያልኩ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። በእናቴ አልጋ እግርጌ የቆየው የእንጨት ሳጥኗ አለ። ቁልፉ ላዩ ላይ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ከፍቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ከፈትኩ። የእናቴ ነጠላዎች ታጥበው ተጣጥፈዋል። የአባቴ መንጃ ፈቃድ አለ፣ ፎቶው ደብዝዟል። ከሥሩ በላስቲክ ታስሮ የተደረደረ ካርቶን አገኘሁ። ስፈታው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለእናቴ ያመጣኋቸው የመድኃኒት ካርቶኖች ናቸው፤ ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም ሳይቀደዱ። አንዱን ይዤ ሳለ በሩ ተከፈተ። እህቴ የረሳችውን ጆንያ ልትወስድ ተመልሳ ነው።

ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም። «የእማን ድንጋይ» አልኩ።

«ሰጥቼሻለሁ።»

«እሱ አይደለም።»

የእናታችን አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ከደጅ የቀርከሃው ድምፅ ቆሟል። «ሸጥሽው ነው የምትዪኝ?» አለች። የያዝኩትን ካርቶን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። «ተናገሪው እንጂ። ከአፍሽ ይውጣ።»

«ባጃጁ ከየት መጣ?» አልኳት።

እንዲህ ስላት ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ደክሞት የቆየ ሰው ፊት ነበር።

«ፈረሱን ሸጦ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ባሏ እንዳይሰማ። «በጥር የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲሆን የሚወጣበትን ፈረሱን። እማን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ጋሪው ሲንጣት ‹ወይኔ ወገቤ› እያለች ስታለቅስ አላስችለው አለ። የጎደለውን ወንድሙ ሞልቶለት ባጃጁን ተዳብለው ገዙት። ዘንድሮ ፈረሰኞቹ ሲያልፉ ቤት ተደብቆ ነው የዋለ። ስለዚያ ነገር መጠየቅ አይወድም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ይህን ሁሉ ሰምቼም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። እውነቱን መናገር አለብኝ። የጠረጠረ ሰው ሰምቶ አይረካም፤ መልሱ በጣም ከገጠመለት «ተዘጋጅታበታለች» ይላል። እኔም ፈረሱ ለባጃጁ ይሆናል፣ ድንጋዩስ? ብዬ አሰብኩ። እህቴ ሐሳቤን ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ ተነስታ ጆንያዋን አነሳች።

«ሂጂ አስመርምሪው። የፈለግሽበት ቦታ። መልሱን ግን እዚህ መጥተሽ በአፍሽ ንገሪኝ፤ በስልክ አይደለም።»

ጉዳዩ ወራት ወሰደ። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ጊዜውም ሰው በሰው ላይ ዓይኑን የሚጥልበት ነበር። ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ሳታውቅ አታወራም። እኔም በዚያ ላይ የራሴን ጥርጣሬ ተሸክሜ እዞራለሁ። ማታ ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ስለ ሰንፔር በስልኬ አነባለሁ። በየአገሩ ሰው የእውነትና የቃል መጠበቅ ምልክት አድርጎታል፤ ነገሥታት ከመርዝ ይጠብቀናል ብለው አድርገውታል፤ ለዓይን መድኃኒት ነው ያሉም አሉ። እናቴ ማንበብ የማትችል ሴት፣ ዓለም ሁሉ የሚለውን ስትል እንደነበር ገባኝና ገረመኝ። ብቻ ባነበብኩ ቁጥር የጠፋብኝ ነገር ትልቅ እየሆነ ሄደ።

በመጨረሻ ለመድኃኒት ግዢ አዲስ አበባ ተላክሁ። አንድ የማውቀው ሰው ዕድሜያቸውን በድንጋይ ምርመራ ወዳሳለፉ፣ አሁን ጡረታ ወደ ወጡ አንዲት ሴት ወሰደኝ። በፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ፣ መደርደሪያው ላይ በትንንሽ ላስቲክ የታሸጉ ድንጋዮች። ሴትዮዋ ቀለበቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ምን ብለውሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«መስታወት ነው ብለውኛል።»

«መስታወት አይደለም። ሰንፔር ነው።»

ቀለበቱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ወዲያው ግን ቀጠሉ፦ «ነገር ግን መሬት አልወለደችውም፤ ሰው በእሳት የሠራው ነው። ነይ እይ።»

ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግሁ። በሰማያዊው ውስጥ እንደ ድሮ የዘፈን ሸክላ ክብ ጭረቶች ቀስ ብለው የታጠፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። መሬት ውስጥ ያደገ ሰንፔር መስመሩ ቀጥ ያለ ነው አሉኝ፤ የታጠፈው የምድጃ ነው።

«ታዲያ የውሸት ነዋ» አልኩ።

«እኔ እንደዚያ አልለውም። ነገሩ ያው ነው፣ ጥንካሬውም ያው። ከመሬት የወጣውም ቢሆን ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ቀለም የለውም ነበር፤ ሰማያዊ የሚያደርገው ትንሽ ብረትና ትንሽ ቲታኒየም ነው። ቅይጡ ሌላ ሲሆን ቀይ ይሆንና ሩቢ ይሉታል። ሰው ግን ሰማያዊውን ይበልጥ ወደደ። ሰማይን ጣቱ ላይ ማሰር ደስ ይለዋል።» ፈገግ አሉ። «በአባትሽ ዘመን በአስመራ ወርቅ ቤቶች እንዲህ ያለው ብዙ ነበር። ዋጋው እንደ ተፈጥሮው አይደለም። ለመሸጥ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። የመጣሁበትን ጥያቄ ለማውጣት አፈርኩ፤ ግን ለእሱ ነው የመጣሁት። «ተለውጦ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። ድንጋዩ በቅርብ ጊዜ ተለውጦ ይሆን?»

ቀለበቱን ደግመው አዩት። «እነዚህን ድንጋዩን የያዙትን አራት ጥርሶች ታያለሽ? አልቀው ድንጋዩ ላይ ተኝተዋል። እንዲህ ለማለቅ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። አንዱ ተከፍቶ ቢሆን ጭረት ይተዋል፣ ወይ ይሰበራል። ይህን ድንጋይ ከተቀመጠ ጀምሮ የነካው የለም።»

«በፊት ግን ጥቁር ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፣ ፎቶም አለኝ።»

«ማነው ያጠበው?»

«አልታጠበም።»

«ታጥቧል፣ በደንብ። እዚህ ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ቆሻሻ ቀርታለች።» ቀጭን መርፌ አንስተው ከድንጋዩ ሥር ነካ አደረጉና ጫፉን አሳዩኝ፤ ግራጫ የሆነ ኢምንት ነገር። «ሊጥ ይመስለኛል። ቅቤም ይኖርበታል። ከሥሩ ሲሞላ ብርሃን አያሳልፍም፣ ድንጋዩ ይጠቁራል። የምትሠራ ሴት ቀለበት ሁሉ እንዲህ ነው።»

ከፎቁ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። የዳንግላው ወርቅ ሠሪ ትዝ አለኝ። ተሳስቶ ነው ወይስ ወርቁን በርካሽ ሊወስድ ፈልጎ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ግን ሰላምታዬ ቀዝቃዛ ነው። ምናልባት እሱንም በድዬው ይሆናል።

ወደ አገሬ ስመለስ ዳንግላ ሳልደርስ እንጅባራ ወረድኩ። እህቴ ከቤቱ ጀርባ ለዘር የሚሆን ድንች ትለያለች። አጠገቧ ተንበርክኬ እኔም መለየት ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ መናገር የምችል አልመሰለኝም። ሁሉንም ነገርኳት። ሰንፔር መሆኑን፣ ሰው የሠራው መሆኑን፣ ማንም እንዳልነካው።

መጀመሪያ ያለችው ስለ ራሷ አልነበረም። «አባታችንን አታለውታላ?» አለች።

«አላውቅም። ምናልባትም ያውቅ ይሆናል፣ ለእማ አልነገራት ይሆናል።»

«አባባ? እሱ አይዋሽም።» ትንሽ አሰበች። «ወይ ደግሞ...» ብላ ተወችው። የአባቴንም ስም ጥርጣሬ ውስጥ እንዳስገባሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አጥበሽው ነበር?» አልኳት።

እጇ ድንቹ ላይ ቆመ። «ቆሻሻ አድርጌ እንዳልሰጥሽ ብዬ። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥርስ ብሩሽ። ከሥሩ የእማ ሊጥ እየሟሟ ሲወጣ...» የያዘችውን ድንች አገላበጠች። «ውሃውን መድፋት አቃተኝ። ሳህኑን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ! ኋላ ጌሾው ሥር አፈሰስኩት።»

«እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። እሺታው ሰምቻለሁ እንደማለት ነበር፤ ከዚያ አላለፈም። ቀለበቱን አውጥቼ፣ «አንቺ ነሽ የሚገባሽ፣ ያዢው» ብዬ ዘረጋሁላት። እጇን ወደ ኋላ ሳበች።

«አንቺ ያዢው። እኔ ጋ ቢሆን ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ትጠረጥሪያለሽ።»

ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ስንደዋወል ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። እኔ ደውዬ ስጠይቃት ትመልሳለች፤ እሷ ግን ደውላልኝ አታውቅም።

ዓብይ ጾም ሲጋመስ ለዓይኗ መነጽር ልታሠራ ዳንግላ መጣች። እኔ ጋ አደረች። ሽሮ በላን፣ ስለ ባሏ ወንበሮች አወራን፤ በጥር የሰው ፈረስ ተውሶ ከፈረሰኞቹ ጋር እንደወጣ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ጠዋት ሥራ ስሄድ ተኝታ ነበር። በምሳ ሰዓት ስመለስ ወደ እንጅባራ ሄዳለች፤ አልጋውን አንጥፋ፣ ሰሐኑን አጥባ። እጄን ልታጠብ ወደ መታጠቢያው ሄድኩ። ቀለበቱን የማስቀምጥበት የሳሙና ማስቀመጫው ባዶ ነው።

ያ የማውቀው ጥርጣሬ ብድግ አለ። ስልኬን አነሳሁ። ስሟ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቆምኩ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩና ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ እንጃ። ስልኩ ጮኸ።

«ደረስሽ?» አልኳት።

«አዲስ ቅዳም ነን። ቀለበቱን አጣሽው?»

«አጣሁት።»

«እኔ ጋ ነው።»

«እሺ።»

ከበስተኋላዋ የሚኒባሱ ሬድዮ ይሰማኛል። «ለምን አልደወልሽልኝም?» አለችኝ።

ብዙ የሚያምር መልስ ነበረኝ። «ልደውል ነበር» አልኳት። «ስልኩን አንስቼ ነበር።»

መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ስትስቅ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። «አንቺ መቼም አትለወጪም» አለችኝ። «በይ፣ ለፋሲካ መጥተሽ ትወስጃለሽ።»

ለፋሲካ ሄድኩ። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር። አልወሰድኩትም።